ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ቦርኮቶ

ካርዷ ከደብተር ልባስ የተቆረጠች ናት። በእስክሪብቶ አራት መስመር ተጽፎባታል፦ ከቤተሰብህ የቆየ አንድ ዕቃ ግለጽ፤ ምን እንደሆነ፣ የማን እንደነበረ፣ ለምን ያገለግል እንደነበረ ተናገር፤ ለአንተ ለምን ዋጋ እንዳለውም አስረዳ። የአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተና እውነተኛ ካርዶች ከፈተናው ክፍል ስለማይወጡ፣ አንድ የጂንካ አስጎብኚ በዚያው ስልት የራሱን ካርዶች ጽፎ፣ በላስቲክ ጠፍሮ፣ በኪሱ ይዟቸው ይዞራል። አንዷን ሳያይ ይመዛል። ጓደኛው በስልኩ አንድ የመዘጋጃ ደቂቃ ይቆጥርለታል። እሱም እርሳሱን ያነሳል።

በዚህች ደቂቃ ብዙ ተፈታኝ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊጽፍ ይታገልና ሁለተኛውን ሳይጨርስ ተናገር ይባላል። ይሄ ልጅ ግን መጀመሪያ ሥዕል ሣለ፤ መሃሏ ረገብ ያለ አንዲት መስመር፣ ከሥሯ አጭር እግር፣ ከጎኗ ማንጠልጠያ። ቦርኮቶ ነው፤ የሐመር፣ የበናና የካሮ ወንዶች ከእጃቸው የማይለዩት፣ ከአንድ እንጨት ተጠርቦ የሚወጣ ዝቅተኛ መቀመጫ፣ ሲመሽ ደግሞ የአንገት ትራስ። ከሥዕሉ ጎን ጥቂት ቃላት ጣል አደረገ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ። ሌላ ምንም አልጻፈም። ሥዕሉ ለምን እንደሚሻል የገባኝ መናገር ሲጀምር ነው። ከጽሑፍ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ከመስመር መስመር ሲዘል ድምፁ ይደርቃል። ይሄ ግን ዕቃውን እያየ ስለሆነ ለሰው የሚያሳይ ሰው ድምፅ ነበረው።

እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ላምጣው። «አያቴ ለጸጉራቸው ሲሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት ላይ ተኙ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ቀጥሎ ዕቃውን በስሙ ጠራው፤ ቁመቱን በእጁ እያሳየ ምን እንደሚመስል ተናገረና ወደ አያቱ ተመለሰ። ያ ዓይነት ጸጉር የሁሉም ሰው አልነበረም፤ ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ የገደለ ወንድ ነው ጸጉሩን በጭቃ አሠርቶ የሰጎን ላባ የሚሰካበት። ጭቃው ሲነካ ይሰነጠቃል። «መሬት ላይ ተኝተው ቢሆን ኖሮ ጠዋት የሚነሡት እንደ ማንኛውም ሰው ሆነው ነበር» አለ። እንጨቱ ሳይገጣጠም፣ ሚስማር ሳይመታበት፣ ከአንድ ግንድ እንደተጠረበ ነገረን። የማንጠልጠያውን እንግሊዝኛ አላገኘውም፤ «ስትሄድ የምትይዝበት ቆዳ» ብሎ ሳይደናበር አለፈው። ካርዷ ለምን ዋጋ አለው ስትለው ደግሞ እንዲህ መለሰ፦ መቀመጫውን ይዞ የሚዞር ሰው የትም ቢደርስ ሰው ተነሥቶ እስኪያስቀምጠው አይጠብቅም። «እኔ የምተኛው ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነው፤ ቦርኮቶው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ...» ሲል ጓደኛው እጁን አነሣ። ሁለት ደቂቃ ሞልቷል።

ይህን ንግግር የወደድኩት የተለጠፈ ነገር ስለሌለበት ነው። የአይኤልትስ ፈታኝ በአራት መለኪያ ይመዝናል፦ የንግግሩ ፍሰትና መያያዝ፣ የቃላቱ ሀብት፣ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት፣ የድምፅ አወጣጥ። እያንዳንዱ 25 በመቶ ይይዛል፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 9 በሚሄድ ባንድ ይነገራል። ሰዋስው ላይ ስፋት ይፈለጋል ስለተባለ በየማሠልጠኛው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ አንድ «ቢሆን ኖሮ» አስገባ፣ አንድ ተገብሮ ግሥ አስገባ፣ አንድ ያለፈ ልማድ አስገባ። ተፈታኙም ያስገባል። ሲናገራቸው ግን ሦስቱም ከሩቅ ይለያሉ፣ ለሠርግ የተዋሱት ሙሉ ልብስ ትከሻ ላይ እንደሚያስታውቀው።

እዚህ ግን ሰዋስውን የጠራው ዕቃው ራሱ ነው። አያቱ በሕይወት ስለሌሉ ያለፈ ልማድ መጣ። ጠራቢው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ተገብሮው መጣ። ጭቃው ስለሚሰነጠቅ «ቢሆን ኖሮ» መጣ። ቦርኮቶው ዛሬም ቤት ውስጥ ስላለ ንግግሩ ሳይገፋ ወደ አሁን ጊዜ ተመለሰ። ሲመርጠው ይህን ሁሉ አስቦ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ስልኬን ብመርጥ ሁሉም ነገር በአሁን ጊዜ ያልቅብኝ ነበር» አለኝ። እንግዲህ ከሥራው አብዛኛው የተሠራው አፉን ሳይከፍት ነው።

የግሡም ቦታ መታየት አለበት። በአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስንሠራ ምክንያቱን፣ ጊዜውን፣ ቦታውን ሰብስበን ሰብስበን ግሡን መጨረሻ ላይ እናሳርፋለን፤ ሰሚውም ለምዶታልና ይጠብቃል። የሐመርና የበና ቋንቋም ግሡን ወደ ኋላ ያደርጋል። በዚያው በደቡብ ኦሞ ዞን ሙርሲዎች መሃል ላይ ያኖሩታል፣ ኛንጋቶሞች ደግሞ ከፊት ያስቀድሙታል፤ ሰዋስው ለሚወድ ሰው ግሩም አገር ነው። እንግሊዝኛ ባለቤቱን በጠራህ አፍህ ግሡን አምጣ ይላል። በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ታዲያ በ«ስለሆነ» እና በ«ጊዜ» ተጀምሮ ሦስት ሐረግ የተከመረበት፣ ባለቤቱ ገና ያልመጣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሰጥማል። የኛ አስጎብኚ መፍትሔ ቀላል ነው፤ ግን ቀላልነቱ ብዙ ልምምድ አለበት። አጭሩን ዋና ሐሳብ መጀመሪያ ይጥላል፣ ሌላውን ከኋላው ያንጠለጥላል። አያቴ ተኙ። እንጨት ላይ። ለጸጉራቸው ሲሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢቆም እንኳ ዓረፍተ ነገሩ አይወድቅም፤ ፈታኙ በየትኛው ቦታ ቢያቋርጠው የተባለው ነገር ሙሉ ነው።

ከሁሉም ግን ዝምታው። ተፈታኝ ዝምታን ይፈራል፤ ዝም ያልኩበት ሰከንድ ሁሉ ነጥብ ይቆረጥበታል ብሎ ያምናል። ስለዚህ በ«ዩ ኖው»፣ በ«አይ ሚን»፣ በ«አክቹዋሊ» ይደፍነዋል። ፈተናውን ያዘጋጁት ሰዎች ለሕዝብ ያወጡት የባንድ መግለጫ ግን ዝምታን በሁለት ይከፍላል። አንዱ ቃል ወይም ሰዋስው ጠፍቶ የሚመጣ ነው፤ ሌላው ቀጥሎ የሚባለውን ለማሰናዳት የሚመጣ። የመጨረሻው ባንድ ላይ ያለ ተናጋሪም ዝም ይላል፤ ልዩነቱ ዝም የሚለው ሐሳቡን ሲያዘጋጅ ብቻ መሆኑ ነው። አሁን ወደ ቦርኮቶው ንግግር ተመልሳችሁ እዩ። ቃል የጠፋበት ቦታ ማንጠልጠያው ጋ ነበር፤ እዚያ አልቆመም፣ ዞሮ አለፈ። የቆመው ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ ነው፤ ምንም ባልጠፋበት፣ ሰሚው «ለጸጉራቸው? እንዴት?» ብሎ እንዲጠይቅ ቦታ መስጠት በሚገባበት ቦታ። ሁለቱን ቦታዎች ለይቶ ማወቁ ለእኔ የሥራው ሁሉ ጥሩው ክፍል ነው።

ፈታኙ ግን አይጠይቅም። ይህ ለኛ ሰው ከባድ ነው። ስንነጋገር ሰሚው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እህ» ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ወይ ጉድ» ይላል፤ ተናጋሪው በዚያ ላይ እየተደገፈ ይሄዳል። ሐመሮች ባርጆ ሲጠሩ፣ ማለትም ሲመራረቁ፣ መራቂው አንድ ሐረግ ይጥላል፣ የተቀመጡት በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፤ ምርቃቱ ያለ ተቀባይ አይቆምም። የአይኤልትስ ፈታኝ በሁለቱ ደቂቃ ውስጥ ጎበዝም አይል፣ እሺም አይል። ድምፁ እየተቀዳ ነው፣ የሚጠይቀውም አስቀድሞ የተጻፈለትን ነው። ጓደኛው ለዚህ ነው ፊቱን ድንጋይ አድርጎ የሚያዳምጠው። መጀመሪያ ሰሞን ሳቁን መያዝ አቅቶት ልምምዱ ይበላሽ እንደነበር ነግሮኛል።

ያ የተጻፈ ጥያቄ ራሱ የተለፋበት ነገር ነው። ከአይኤልትስ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ካምብሪጅ የራሱን የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን ፈተናው 12 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ሦስት ሰዎች ተፈተኑ፣ ሦስቱም ወደቁ። አይኤልትስ በዛሬ ስሙ የመጣው በ1989 ነው። የንግግሩ ክፍል አሁን ያለውን ሦስት ክፍል ቅርጽ ይዞ ፈታኙም የተጻፈለትን እንዲከተል የተደረገው በ2001 ነው፤ ዓላማውም አዲስ አበባ የተፈተነና ማኒላ የተፈተነ ሰው በፈታኙ ጠባይ ምክንያት እንዳይለያዩ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ስለ መኖሪያህ፣ ስለ ሥራህ ወይም ስለ ትምህርትህ ትጠየቃለህ። በሁለተኛው ካርዷ ትመጣለች። በሦስተኛው ካርዷ ላይ ከነበረው ጉዳይ ተነሥቶ ወደ ሰፊው ሐሳብ ይኬዳል። ሁሉም ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ።

ልጁ እንግሊዝኛን ያወቀው ገበያ ነው። ቀይ አፈር ተወልዶ አደገ፤ የሐሙስ ገበያዋ በናው፣ ሐመሩ፣ ጸማዩና አሪው የሚገናኝበት ስለሆነ ቱሪስቱም የሚመጣው በዚያ ቀን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ፈረንጅ ሲከተል የጣሊያኖችን እንግሊዝኛ፣ የጀርመኖችን እንግሊዝኛ፣ የስፔኖችን እንግሊዝኛ ሰማ። ስለዚህ ጆሮው ሰፊ ነው፤ የትኛውም ዓይነት አነጋገር አያስደነግጠውም። ኋላ ጂንካ ገብቶ አስጎብኚ ሲሆን ደግሞ ማክሰኞ አልዱባ፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ እያለ ሳምንቱን በሙሉ በጥያቄ ውስጥ ያሳልፍ ጀመር። በቀን ስንት ጊዜ «ለምን?» እንደሚባል አስቡት። ለምን ይዘላል? ለምን ከንፈሯን? ለምን ጭቃ? ከዚህ የበለጠ የሦስተኛው ክፍል መለማመጃ የት ይገኛል?

ይኸው ሥራ ሁለት ጉዳት አድርሶበታል። እንግሊዝኛ በቅጡ ከማይናገር ጣሊያናዊ ጋር ለመግባባት ሲል የራሱን እንግሊዝኛ ልጦታል። የግሡ ጊዜ ወደቀ፣ የብዙ ቁጥሩ «ኤስ» ወደቀ፣ መስተዋድዱ ወደቀ። የተረፈው መልእክት ያደርሳል፤ ቱሪስቱም ረክቶ ጉርሻ ሰጥቶ ይሄዳል። ፈታኙ ፊት ግን ያ ሁሉ የወደቀ ነገር ይቆጠራል። አሁን የሚያደርገው የጣለውን አንድ በአንድ መልሶ ማንሣት ነው። ይህ ደግሞ እንደ አዲስ ከመማር ይከብዳል፣ ምክንያቱም ምላሱ ያለ እነሱ መሮጥ ለምዷል።

ሌላው ጉዳት የተሸመደደው ዲስኩር ነው። ደቡብ ኦሞ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ «ደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች አሉት» ተብሎ ይጀመርና ታችኛው የኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ እስከ መመዝገቡ ድረስ ሳይተነፈስ ይዘለቃል። ጂንካን ግለጽ ሲባል ይህ ዲስኩር በራሱ ይመጣበት ነበር። ፈታኝ ደግሞ የተሸመደደን ነገር ከድምፁ ያውቀዋል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ዓይኑ ይፈዝዛል፣ ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ነገር ይገባል። ዛሬ ስለ ከተማው ሲጠየቅ የሚመልሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጆች ኳስ የሚጫወቱት ከተማው መሃል አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ጎል ለማግባት ላሞቹን አልፈህ መሄድ አለብህ።» ስለ ጂንካ ከተጻፈ ብሮሹር ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

ያ የድሮ ማረፊያ ሜዳ መለማመጃውም ነው። ጠዋት ሳሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ይናገራል። እንግሊዝኛ ከቃሉ አንዱን ክፍለ ድምፅ ያጠብቅና ሌላውን ይውጠዋል፣ ከዓረፍተ ነገሩም አንዱን ቃል ያነሣና ሌላውን ይጥላል። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉንም እኩል ሲረግጥ ፈረንጁ የትኛው ቃል ዋና እንደሆነ ይጠፋዋል። እሱ ታዲያ በሚነሣው ቃል ላይ ብቻ እግሩን ያሳርፋል፤ «አያቴ» ላይ አንድ እርምጃ፣ «ተኙ» ላይ አንድ፣ «እንጨት» ላይ አንድ። በመካከል ያሉት ትንንሽ ቃላት እግሩ በአየር ላይ ሳለ ያልፋሉ። «ስኩል»ን «እስኩል» ማለቱን ግን አልተወም፤ መተውም የለበትም። መለኪያው የትውልድ ቋንቋህ ቃና መስማትን ያስቸግራል ወይ ነው የሚለው እንጂ እንደ ለንደን ሰው ተናገር አይልም። ምላሳቸውን አጣመው የአሜሪካ ፊልም የሚመስሉ ልጆች አዲስ አበባ ሞልተዋል፤ ቃናው ያለበት የጂንካ እንግሊዝኛ ከዚያ ሁሉ ይሻለኛል።

ትምህርት ቤት በዚህ ብዙ አልረዳውም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛ ግን ምርጫ ማጥቆር ነው፣ ተፈታኙ አንድ ቃል ከአፉ አያወጣም። የማይፈተን ነገር ደግሞ ክፍል ውስጥ ጊዜ አያገኝም። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ጋ የሚደርሱት ተማሪዎችም የሚመጡት ከዚሁ ነው።

በንግግር ጥራት ላይ ግን ይህ አገር ከማንም የሚማር አይመስለኝም። ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል የተባሉ አንትሮፖሎጂስቶች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሐመር ውስጥ ኖረው በ1979 ሦስት ጥራዝ መጻሕፍት አሳተሙ። ከሦስቱ አንዱ ከሞላ ጎደል የአንድ ሰው ንግግር ነው፤ ባልዳምቤ የተባለው የሐመር ሰው ስለ ወገኖቹ አኗኗር ሲጠየቅ በቴፕ የተቀዳው መልስ። ጠያቂው ትንሽ ይላል፣ መላሹ ይቀጥላል። ባልዳምቤ ልማዱን በጥቅሉ አይገልጽም፤ አባት ለልጁ የሚለውን፣ ልጅ የሚመልሰውን፣ ፍየሏ የምትታረድበትን ቦታ እየጠራ ያስኬደዋል። ጂንካ ከተማን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ከሽትሬከር ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። የኛ አስጎብኚ ቱሪስት ይዞ ሲሄድ ያን መጽሐፍ እዚያ አገላብጧል። ስለ ቦርኮቶው ሲናገር ዋጋውን በቅጽል ሳይሆን በድርጊት ማሳየቱን ከዚያ ተምሮት ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። እሱ ከአያቱ ነው ይላል።

ሙርሲዎች ጋ ደግሞ ንግግር የአስተዳደር መሣሪያ ነው። ዴቪድ ተርተን የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ብዙ ዓመት ያጠናው ይህንኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ለቴሌቪዥን በተሠራው ፊልምም ሙርሲዎች ከጎረቤቶቻቸው ከቦዲዎች ጋር በነበራቸው ጠብ ወቅት እንዴት እየተሰበሰቡ ይመካከሩ እንደነበር ይታያል። የሚያዝ አለቃ የለም፤ ሰው የሚሰማው በአነጋገሩ ነው። ተናጋሪው ብድግ ብሎ በተቀመጡት ፊት እየተመላለሰ ይናገራል። የሚመላለስ ሰው ጫፍ ደርሶ ሲዞር ንግግሩ በግድ ያርፋል፤ ያረፈበትም ቦታ ሐሳቡ የሚዞርበት ቦታ ይሆናል። ሜዳው ላይ እየተመላለሰ የሚለማመደውን ልጅ ሳይ ይህን አስቤያለሁ። ፈተናው ክፍል ውስጥ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ እርምጃውን ወደ ትንፋሽ መቀየር አለበት። ገና አልለመደውም፤ ሲቀመጥ ይቸኩላል።

አዲስ አበባ ለመፈተን ከጂንካ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። የንግግሩ ክፍል ከጽሑፉ በሌላ ቀን ሊሆን ስለሚችል የአልጋውም ወጪ ይታሰባል። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ዲግሪ 6.5 ይጠይቃሉ፤ እሱም የሚፈልገው ይህን ነው፣ ቅርስ አስተዳደር ለመማር። በእኔ ግምት ሁለተኛው ክፍል ላይ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሥራ አለው። የሚጎትተው ሦስተኛው ክፍል ነው።

ለምን እንደሚጎትተው በዚያው ጠዋት ታየ። ጓደኛው ከካርዷ ተነሥቶ ጠየቀ፦ በእጅ የሚሠሩ ዕቃዎች ሙዚየም መቀመጥ አለባቸው? ልጁ ሳይተነፍስ ገባበት፤ ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል፣ ባለድርሻ አካላት መቀናጀት አለባቸው፣ መንግሥትም ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። የቦርኮቶው ሰውዬ የት ሄደ? ይህ የዎርክሾፕ እንግሊዝኛ ነው። ጂንካ ውስጥ ከሆቴል አዳራሽ ወደ ሆቴል አዳራሽ ሲዞር የኖረ፣ ሻይ ሰዓት ላይ የሚያርፍ፣ ማንም የማይቃወመው እንግሊዝኛ። ሰዋስው አይጎድለውም፣ ቃላቱም ረጃጅም ናቸው፤ ግን ተናጋሪ የለውም። ከቱሪስቱ ዲስኩር የወጣው ልጅ እዚህ ሌላ ሽምደዳ ውስጥ ገብቷል፣ ይሄኛው ደግሞ የተማረ ሰው ስለሚያስመስል ለመተው የባሰ ነው።

ጓደኛው ፊቱ ድንጋይ እንደሆነ «የትኛው ሙዚየም?» አለው።

ቆመ። ይህ ቦርኮቶው ላይ ያየነው ዓይነት አቋቋም ነበር፤ ቃል እየፈለገ አይደለም። ከዚያ በዝግታ ጀመረ። ኮረብታው ላይ ሙዚየሙ ውስጥ ያለውን ማንም አይቀመጥበትም፣ ስለዚህ አይበላሽም። ቀይ አፈር ገበያ ለፈረንጅ የሚጠረበው አዲስ ነው፣ አንገት አልነካውም፤ ፈረንጁ ግን የሚፈልገው ያረጀውን ስለሆነ አንዳንድ ሽማግሌ የሚተኙበትን ሸጠው ይሄዳሉ። «ሙዚየም አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አያቴ የነበራቸው ሲያረጅ ሌላ ያስጠርቡ ነበር። ሙዚየሙ ዕቃውን ያስቀምጣል፣ መጥረቡን ማን ያስቀምጥ?» አለ። በ«ነገር ግን» የሁለት ወገን ሐሳብ አያያዘ፣ ምሳሌውን ከራሱ አመጣ፣ ጥያቄውን መልሶ ከፈተው። ከዎርክሾፑ ቃላት አንዱም አልገባበትም።

እኔ ላጨበጭብ ነበር። ጓደኛው ግን ስልኩን አስቀምጦ «ግሡ ላይ ‹ኤስ› ሁለቴ ጥለሃል፣ ‹ሙዚየም› ጋ» አለው። ልጁ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ደግሞ አላቸው። ሁለተኛው ላይ «ኤስ»ዋ መጣች፣ በመጣችበት ፍጥነት ግን ዕረፍቱ ጠፋ፤ ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ ጀመረ።